እፉኝት እውነት እናቷን ገድላ ነው የምትወለደው? አባዬን የእባብ ቤት ወስጃቸው ነበር (4 ከ5)

መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥ፣ ከአምስት አራት ኮከብ። አንዷን የቀነስኩት በእባቦቹ አይደለም በሰዎቹ ነው፣ እሱን ወደታች እነግራችኋለሁ። የቦታውን ስም ሆን ብዬ አልጠራሁትም፣ የማማርርበት ነገር ስላለ የሰው ቢዝነስ በስም አንስቼ መቦጨቅ አልፈልግም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያስነዳ፣ የግል የሆነ፣ ትንሽዬ የእባብ ማሳያ ነው። ከውጪ ስታዩት ጎሚስታ ቤት ነው የሚመስለው። አትመለሱ፣ ግቡ።

አባዬ ከአገር ቤት ከመጡ ሁለት ወር ሆናቸው። የደጀን ሰው ናቸው፣ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው ያደጉት፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪም ነበሩ። እዚህ ምን ባሳያቸው ይወዱታል ብዬ ጨንቆኝ ነበር፣ ሞል ወሰድኳቸው «ገበያ ነው፣ አየሁት» አሉኝ፣ ዋሽንግተን ወስጄ ያንን ረጅም ሐውልት አሳየኋቸው፣ አንጋጠው አዩትና «አክሱም ይሻላል» አሉኝ፣ በቃ። ልጄ ደሞ አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ እኩዮቿ ስለ ቲክቶክ ሲያወሩ እሷ ስለ እባብ ነው የምታወራው፣ ከማን እንደወረሰችው እግዜር ይወቅ፣ እናቷ እንኳን እባብ የመጋረጃ ገመድ የሚያስደነግጣት ሴት ናት፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ለሷ ነው። እና ይሄን ቦታ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው ልጄ ናት። መደበኛ መግቢያው 16 ዶላር ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መርዛማ እባቦች እንዴት እንደሚወልዱ የሚያሳይ ልዩ ጉብኝት አለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ በሰው 45 ዶላር። ለሦስት ሰው 135 ዶላር፣ ለእባብ፣ አስቡት። ከፈልኩ።

ክርክሩ የተጀመረው መኪና ውስጥ ነው። ልጄ «አባባ፣ ቫይፐር እንቁላል አይጥልም እኮ፣ ልጅ ነው የሚወልደው» አለቻቸው። አባዬ «እሱማ ይታወቃል። እፉኝት ትወልዳለች፣ ግን ወልዳ አታድርም። ልጆቿ ሆዷን ቀደው ነው የሚወጡት። ባሏንም የምትገለው እሷው ናት። ለዚህ አይደል መጥምቁ ዮሐንስ ፈሪሳውያንን የእፉኝት ልጆች ያላቸው» አሉ። ይሄን ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፣ እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት፣ ያሳደገውን የካደ ሰው እፉኝት ይባል የለ። ደሞ የአባዬ ፈጠራ አይደለም፣ ፊሳልጎስ የሚባል ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመ ጥንታዊ መጽሐፍ አለ፣ የእንስሳትን ጠባይ እያነሳ ምሳሌ የሚሰጥ፣ የእፉኝትን ነገር እንደዚሁ ነው የሚያስቀምጠው፣ አባት በእናት ይሞታል እናት በልጆች ትሞታለች። አባዬ ከየኔታ ነው የሰሙት። ልጄ «ኖ ዌይ!» አለች። «ምን አለች?» አሉኝ። «ገረማት» አልኳቸው።

በር ላይ የመጀመሪያው ችግር ከዘራቸው ሆነ። ቲኬት የሚያየው ልጅ መስታወት እንዳይነካ እዚህ ይቀመጥ አለ። አባዬ «እባብ ወዳለበት ያለ ዱላ ግባ ነው የሚለኝ?» ብለው ሳቁ፣ እኔም እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል የሚለው ተረት ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ሰጡት። ግን ለ75 ዓመት ሰው ምርኩዙን ተቀብሎ ወንበር አለመስጠት ምን ይሉታል፣ ወንበሩን ጠይቄ ነው ያመጡልን። ደሞ አራት ሰዓት ጠዋት የተባለው ጉብኝት የጀመረው 35 ደቂቃ አርፍዶ ነው። እኛን በሐበሻ ቀጠሮ የሚያሙን እነሱ ናቸው።

ያቺን 35 ደቂቃ አዳራሹን ስንዞር አባዬ አንድ መስታወት ጋ ቀጥ ብለው ቆሙ። ውስጡ የደረቀ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ነው፣ እኔ ባዶ መስሎኝ ላልፍ ነበር። በጣታቸው እያመለከቱ «ይቻት» አሉ። ከዛ ነው የታየችኝ፣ የሰው ክንድ የምታህል ወፍራም አጭር ነገር፣ ጀርባዋ ላይ እንደ ቀስት ጫፍ የተደረደረ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለባት፣ ጭንቅላቷ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ቅጠሉ ላይ ተኝታ ሳይሆን ቅጠሉን ሆና። ጽሑፉ ፓፍ አደር ይላል። «ይቺማ የኛዋ ናት፣ እፉኝት!» አሉ፣ ከመጡ ጀምሮ እንደዚህ ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም፣ የአገር ሰው ያገኙ ነው የመሰሉት። ከብት ሲጠብቁ መንገድ ላይ ተጋድማ ሰው ሲመጣ እንደማትሸሽ አወሩን፣ እውነትም ስልቷ መሸሽ ሳይሆን መመሳሰል ነው፣ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የምትነድፈውም ስለዚሁ ነው፣ ሰው ሳያያት ይረግጣታል። በነገራችን ላይ እፉኝት የሚለው ስም ራሱ እፍ ከምትለው ድምጿ የመጣ ይመስለኛል፣ የኔ ግምት ነው፣ ፈረንጆቹም ፓፍ ያሏት ሰውነቷን ነፍታ እፍ ስለምትል ነው።

አስጎብኚያችን መጣች። ስልሳ የሚሆናት ቀጭን ሴትዮ፣ ሠላሳ ዓመት ከእባብ ጋር የኖረች፣ የአንድ ጣቷ ጫፍ የለም፣ ለምን እንደሌለ ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም። እስከዛሬ ካየኋቸው አስጎብኚዎች አንደኛ ናት፣ አራቱም ኮከብ የሷ ነው። አባዬን አይታ «ይሄን እባብ ያውቁታል መሰለኝ» አለችና ከሳቸው ጀመረች። ፓፍ አደር በአንድ ጊዜ 20ም 40ም ትወልዳለች፣ ዘሯ ከኬንያ የሆነ አንዲት ግን ቼክ አገር መካነ እንስሳት ውስጥ 156 ወልዳለች፣ ከእባብ ሁሉ ሪከርዱ ይሄ ነው። ስተረጉምላቸው ትንሽ ዝም አሉና «ይሄማ ልጅ አይደለም፣ ቀበሌ ነው» አሉ። ተርጉሜ ነገርኳት፣ ሴትዮዋ እስክታነባ ሳቀች።

ከዛ በስክሪን ቪዲዮ አሳየችን። ሁለት ኮፐርሄድ የሚባሉ የአሜሪካ እፉኝቶች ግማሽ አካላቸውን ከመሬት አንስተው፣ ሽቅብ ቆመው፣ ተጠማዝዘው ይገፋፋሉ። አባዬ ወዲያው «የልጅቷን ዓይን ያዝ» አሉኝ። እኔም የሚገናኙ ነው የመሰለኝ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ እንደዛ ነው የመሰለው። ለካ ሁለቱም ወንድ ናቸው። ትግል ነው! አይናከሱም፣ መርዝ የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ የአንዱን ራስ መሬት ማስነካት ነው ጨዋታው፣ ልክ የገና ጨዋታ ሜዳ ላይ እንደሚታገሉ ጎረምሶች። የተሸነፈው ውልቅ ብሎ ይሄዳል፣ ለጊዜውም ሌላ ወንድ ቢገጥመው ወኔ አይኖረውም፣ ራሱን ቀብሮ ነው የሚውለው። ወንዶቹ የሚታገሉበት ዝርያ ላይ ብዙ ጊዜ ወንዱ ከሴቷ ይተልቃል፣ ትግል በሌለበት ደሞ ሴቷ ናት የምትተልቀው፣ ምክንያቱም ትልቅ ሆድ ብዙ ልጅ ይይዛል። ይሄ ነገር በጣም ደስ አለኝ፣ የእባቡን ቁመት አይተህ የቤቱን ጠብ ታውቃለህ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣውን መተርጎም ግን ፈተና ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ወንድ እባብ የወንድነት አካሉ ሁለት ነው፣ ግራና ቀኝ፣ በአንዴ አንዱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። እኔ አፌ ተሳስሮ ቆሜ ልጄ «ሁለት አለው በላቸው» ብላ ገላገለችኝ። አባዬ ጣራውን አዩ። የሴቷ የስሜት አካል ደሞ (ስሙን እናንተ ሙሉት) በደንብ ተጠንቶ በሳይንስ የተጻፈው በ2022 ነው፣ ያውም ከተጠኑት አንዷ ዴዝ አደር የምትባለው የአውስትራሊያ መርዛማ እባብ ናት። የወንዱ መቼ እንደታወቀ አስቡት። አስጎብኚያችን ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ አለፈችው፣ እኔም ልለፈው።

አሁን ስለ እንቁላል። እኛ ከእባብ እንቁላል የርግብ ጫጩት አይፈለፈልም እንላለን፣ ለካ ብዙ መርዛማ እባብ እንቁላል የሚባል ነገር አያውቅም። በደምሳሳው ኮብራና ማምባ ያሉበት ወገን አብዛኛው እንቁላል ይጥላል፣ እፉኝቶቹ ደሞ አብዛኞቹ ይወልዳሉ። ጥቁር ማምባ ጥላ ትሄዳለች፣ ዞር ብላም አታይም። ኪንግ ኮብራ ግን (በነገራችን ላይ አንድ ሲባል የነበረው በ2024 አራት ዝርያ ነው ተብሏል) ቅጠል በሰውነቷ እየሰበሰበች ክምር ጎጆ ትሠራለች፣ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ጎጆ የሚሠራ ሌላ እባብ የለም። ባህር ላይ ደሞ አብዛኞቹ የባህር እባቦች እዛው ውሃ ውስጥ ይወልዳሉ፣ ክሬት የሚባሉት የባህር እባቦች ግን እንቁላል ለመጣል የግድ ወደ የብስ ይወጣሉ።

ለምን ነው አንዱ የሚወልደው ሌላው የሚጥለው ብዬ ጠየቅኩ። መልሷን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። እንቁላል አንዴ ከተጣለ አፈሩ የሰጠውን ሙቀት ነው የሚያገኘው። ቆላ ከሆነ ችግር የለም፣ ደጋ ላይ ግን አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ፅንሱ አያድግም ወይ ይሞታል። እናትየዋ ልጆቹን ሆዷ ውስጥ ይዛ ከቆየች ግን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ድንጋይ ላይ ወጥታ ትሞቃለች፣ ማታ ጉድጓዷ ትገባለች፣ ራሷ በእግሯ የምትሄድ ኢንኩቤተር ሆነች ማለት ነው (እግር የላትም፣ አውቃለሁ)። ታዲያ በአንድ ሌሊት አልመጣም፣ እንቁላሉን ትንሽ ቀን አዘግይቶ መጣል፣ ከዛ ቅርፊቱ እየሳሳ፣ በመጨረሻ ቅርፊት የሚባል ጠፍቶ ስስ ከረጢት ብቻ። የገረመኝ ይሄ ነገር በእንሽላሊትና በእባብ ዘር ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ለየብቻው መፈጠሩ ነው። አንድ ወገን ውስጥ እንኳን ይለያያል፣ ኤኪስ የሚባሉት ትንንሽ እፉኝቶች የአፍሪካዎቹ እንቁላል ይጥላሉ፣ የህንዱ ዘመዳቸው ይወልዳል። መውለድ ከጀመሩ በኋላ ወደ እንቁላል መመለስ ከባድ ነው ይባላል፣ አሜሪካ ክፍለ ዓለም ያለው ቡሽማስተር የሚባለው እፉኝት ግን የሚወልዱ ዘመዶቹ መሃል ሆኖ እሱ ብቻ እንቁላል ይጥላል፣ ተመልሶ ነው ወይስ ድሮውንም አልተወውም እያሉ ይከራከሩበታል።

እዚህ ጋ አንድ ቅሬታ። ግድግዳው ላይ የአፍሪካ እፉኝቶች ካርታ አለ፣ ልጄ ኢትዮጵያን ስታይ ጮኸች፣ የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት የሚባለው ተስሏል፣ ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የተገኘ፣ በ1977 ሳይንሳዊ ስም የወጣለት፣ ጥቁርና ብጫ የተቀባ ጥበብ የሚመስል ቆንጆ ነገር። ግን ባሌ ያለው የለም! ከሐረና ደን የተገኘው ቢቲስ ሐረና በ2016 ነው አዲስ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው፣ ካርታቸውን አላደሱም። ነገርኳት፣ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከልጄ ነው፣ ግን እኔ የማውቅ መስዬ ነው የተናገርኩት።

ወደ ዋናው ልምጣ። የሄድነው ኦገስት መጨረሻ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ በዱር ያለው መርዛማ እባብ ሁለት ብቻ ነው፣ ኮፐርሄድና ቲምበር ራትልስኔክ፣ ሁለቱም ከእፉኝት ወገን ናቸው፣ ሁለቱም የሚወልዱት ወደ ክረምታቸው ከመግባቱ በፊት በኦገስትና በሴፕቴምበር ነው። አስጎብኚያችን ድንገት ሬዲዮዋ ተንቀጫቀጨ፣ ሰማችና «ዕድለኞች ናችሁ፣ በጫማችሁ ድምጽ አታሰሙ» አለችን። ወደ ኋላ ክፍል ወሰደችን፣ ሙቅ፣ ድንግዝግዝ ያለ፣ አይጥ አይጥ የሚሸት። አንዲት ትንሽ መስኮት። አባዬን ወንበር ፊት ለፊት አደረግንላቸው።

ኮፐርሄዷ ጥግ ላይ ተጠቅልላለች፣ የመዳብ ቀለም ጭንቅላት፣ ሰውነቷ ላይ የቡና ቀለም ያለው መሃሉ የቀጠነ የአሸዋ ሰዓት መሳይ ሥዕል። ከጎኗ ሦስት የተወለዱ አሉ። እሷ አትንቀሳቀስም፣ ከወገቧ በታች ብቻ አንድ እብጠት ወደ ጅራቷ ቀስ እያለ ሲሄድ ይታያል፣ ቆም ይላል፣ ደሞ ይሄዳል። ጅራቷን ትንሽ ቀና አደረገች። ከዛ ከጅራቷ ስር አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ተንሸራቶ ወጣ፣ ስስ ላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ የጫማ ክር በሉት፣ በውሃ የራሰ። ለአንድ ደቂቃ ምንም የለም። ልጄ «ሞቷል?» አለች። ከዛ ከላስቲኩ ውስጥ አንድ አፍንጫ ገፋ ገፋ አደረገ፣ ቀደደው፣ ጭንቅላቱን አወጣ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጭንቅላት፣ አፉን በሰፊው ከፈተና ዘጋ። አንዴ ተነፈሰ። እንደዛው ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ተኛ፣ እንደደከመው ሰው። ቆይቶ ሲወጣ የጅራቱ ጫፍ ቢጫ ነው፣ እንደበሰለ ሙዝ፣ ያቺን ጫፍ እንደ ትል እያወዛወዘ እንቁራሪትና እንሽላሊት አታልሎ ይበላባታል አለች፣ ሲያድግ ቢጫው ይጠፋል።

አባዬ መነጽራቸውን አውልቀው አጸዱት፣ መልሰው አደረጉት። «ከየት ነው የወጣው?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከጅራቷ ስር ነው»። «ሆዷስ?»። «ደህና ነው አባዬ፣ ያዩት የለ»። አምስተኛው መጣ። ስድስተኛው መጣ። እሳቸው በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። የተቀደደው የልጆቹ ከረጢት ነው፣ እናትየዋ እንደሆነ ምላሷን እያወጣች ታሸታለች።

ከዛ አባዬ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገሩ። «እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ልጅ ሆነው፣ ከወንድማቸው ጋር ሆነው፣ ማሳ ዳር አንዷን አግኝተው በዱላ መቷት፣ ሆዷ ፈነዳ፣ ከውስጡ ልጆች እየተሳቡ ወጡ፣ በሕይወት፣ እሷ ሞተች። የኔታ ያሉት በዓይናቸው ተፈጸመ። ልጄ ትንሽ አሰበችና በዛ በተሰባበረ አማርኛዋ «አባባ፣ ሆዷን የቀደዳችሁት እናንተ ናችሁ እኮ» አለቻቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እንዴ፣ እውነቷን ነው» አሉና እየሳቁ ጭንቅላቷን ዳበሷት። ለአስጎብኚዋ ተረጎምኩላት። ከሞተች ቫይፐር ሆድ ልጆች በሕይወት መውጣታቸው የሚያጋጥም ነው፣ ለመወለድ ከደረሱ ሁሉ ነገራቸው አልቋል፣ መርዙም ጥርሱም አለ፣ ታሪኩ ከዚህ ሊሆን ይችላል አለች። ባሏን ትገለዋለች የሚለውን ግን ሳቀችበት፣ ወንዱ ጨርሶ በሰላም ይሄዳል።

አባዬ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፉም። ሴትዮዋ የእናትየዋን ጀርባ አሳየችን፣ ከወገቧ በታች ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ አከርካሪዋ አግጦ። እፉኝት ለማርገዝ መጀመሪያ ዓመት ሁለት ዓመት እየበላች ስብ ታከማቻለች፣ ስንቋን ሰውነቷ ውስጥ ቋጥራ ነው የምትገባበት፣ ስታረግዝ ብዙ ጊዜ መብላት ታቆማለች፣ ከዛ ያንን ስንቅ ወደ ልጆች ቀይራ ባዶ ሆና ትወጣለች። ለዛ ነው በየዓመቱ የማትወልደው። ሰሜን አካባቢ ያሉት ቲምበር ራትልስኔኮች መጀመሪያ ለመውለድ ዘጠኝ አስር ዓመት ይፈጅባቸዋል፣ ከዛም በሦስት በአራት ዓመት አንዴ። ፈረንሳይ ውስጥ ለዓመታት የተጠኑት አስፕ የሚባሉት እፉኝቶች ደሞ ብዙዎቹ ሴቶች በሕይወታቸው አንዴ ብቻ ወልደው ከስተው ይሞታሉ። ይሄን ስተረጉም አባዬ ከወንበራቸው ቀና አሉና «ታዲያ እኔ ምን አልኩ!» አሉ። ልጄ «ሆድ ቀድደው አላልክም?» «እሱ ዝርዝር ነው» አሏት።

ደሞ እናትየዋ ጥላ አትሄድም። ራትልስኔክ እናቶች ልጆቻቸው የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ ሳምንትም አስር ቀንም አብረዋቸው ይቆያሉ። እባብ እናት ነው ለማለት ይከብዳል፣ ግን ይቆያሉ።

ከልደቱ በኋላ ያለው ክፍል ትንሽ ተጣደፈ፣ ምክንያቱም 35 ደቂቃው ከኛ ነው የተቆረጠው። ግን ሁለት ነገር አልረሳም። አንደኛው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ገና ሳታድግ ተይዛ ከአምስት ዓመት በላይ ለብቻዋ የኖረች ዳይመንድባክ ራትልስኔክ 19 ጤነኛ ልጆች ወልዳለች። ዲኤንኤ ሲመረመር አባት አለ፣ ከመያዟ በፊት የተቀበለችውን ዘር ነው ያን ሁሉ ዓመት ሰውነቷ ውስጥ ያስቀመጠችው። በ2011 ነው የተጻፈው። አባዬ «እንደ ጎተራ» አሉ። ሁለተኛውን አልተረጎምኩም፣ ምክንያቱም ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች የሚል ነው፣ ለጾመኛ ሰው ከባድ መሰለኝ። በ2012 በዱር ከተያዙ እርጉዝ ኮፐርሄድና ኮተንማውዝ እባቦች ላይ ዲኤንኤ ተመርምሮ አባት የሌላቸው ልጆች ተገኝተዋል። የሚወለዱት ደሞ ወንድ ብቻ ናቸው፣ ምክንያቱም በእኛ የተለያየ ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ሲሆን በነሱ ሴቷ ናት፣ የራሷን ግማሽ ደግማ ስትጠቀም የሚተርፈው የወንዱ ዓይነት ነው። እኔ ዝም ስል ልጄ ተርጉማ ጨረሰችው። አባዬ አማተቡና «ለእባብ ነው የምትሉት?» አሉ፣ «አዎ»፣ «እሺ፣ እባብ ከሆነ ይሁን»።

ስለ መርዙም አምስት ደቂቃ አወራች። መርዝ ከሰማይ አልወረደም፣ ሰውነት ውስጥ ለሌላ ሥራ የነበረ ፕሮቲን ነው፣ ዘረመሉ በስህተት ሁለት ቅጂ ሆነ፣ አንዱ የድሮ ሥራውን ሲቀጥል ሌላው እየተለወጠ መርዝ ሆነ። እኔ ለአባዬ በበርበሬ ነው ያስረዳሁት፣ የእማዬ የበርበሬ አዘገጃጀት ወረቀት አለ፣ አንዱን ቅጂ ለቤት ታስቀምጣለህ፣ ሁለተኛው ላይ ግን እንደልብህ ሚጥሚጣ ትጨምራለህ፣ ቤት ያለው ስላልተነካ ቢበላሽም አትራብም። የማያስፈልግ ከሆነ ደሞ ይደክማል፣ የዓሣ እንቁላል ብቻ መብላት የጀመረ የባህር እባብ አለ፣ እንቁላል አይሸሽም አይታገልም፣ መርዙ ከዘመዶቹ ጋር ሲነጻጸር ሟሟ፣ ጥርሱም አነሰ።

አሁን ኮከቧን የቀነስኩበት። አንደኛ ካርዴን ሁለት ጊዜ ነው የቆረጡት፣ ከ135ቱ ሌላ አንድ ተጨማሪ 45 ዶላር፣ ካሸሯ «ባንክዎን ይጠይቁ» አለችኝ፣ ባንኩን ለምን እጠይቃለሁ የወሰድሽው አንቺ። ሁለተኛ የማርፈዱና የከዘራው ነገር። ሦስተኛ ካፌያቸው ሆት ዶግና ናቾስ ብቻ ነው፣ ፍልሰታ ባታልፍ ኖሮ አባዬ ጾማቸውን ይውሉ ነበር፣ ምሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ ውጪ ጠረጴዛ አለ። አራተኛው ያናደደኝ ደሞ የስጦታ ሱቃቸው የሚሸጠው ቲሸርት ላይ ሕፃን እባብ ከትልቁ የበለጠ አደገኛ ነው፣ መርዙን መቆጠብ አይችልም የሚል ተጽፏል፣ አስጎብኚያቸው ደሞ ከአስር ደቂቃ በፊት ይሄ ተረት ነው፣ ትልቁ ብዙ እጥፍ መርዝ ስላለው የሚፈራው ትልቁ ነው ብላ ነግራናለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንጌል። ልጄ ቲሸርቱን አልገዛም አለች፣ ኮራሁባት፣ የፕላስቲክ እባብ ግን ገዛች፣ 14 ዶላር፣ እናቷ እስካሁን ሳሎን አትገባም።

ለሚሄድ ሰው፣ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ሂዱ፣ ልደት ማየት ዕድል ነው ግን ወቅቱ እሱ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይሰለቻል። ፓርኪንግ ነጻ ነው። ሽማግሌ ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ወንበር ይሁን በሉ።

በማግስቱ ኢሜይል ጻፍኩላቸው፣ በሦስተኛው ቀን 45 ዶላሩን መለሱ፣ ይቅርታም ጠየቁ፣ ከስር ደሞ ያቺ አስጎብኚ መሆን አለባት ከሄዳችሁ በኋላ ሁለት ጨምራለች፣ በጠቅላላ ስምንት ናቸው ብላ ጽፋለች። ለአባዬ ሳነብላቸው ቡና እየጠጡ ነበር፣ ሲኒውን አስቀመጡና «እናቲቱስ?» አሉኝ። ወረድ ብዬ አነበብኩት። ትናንት ማታ አንድ አይጥ በልታለች ይላል።